አንካሳው ሰባት

ከጎማ ቤቱ በላይ፣ በፓዛርጂክ ከተማ፣
ማን እንደመጣ አወቅኩ፣ ገና በሩ ሳይሰማ፦
ቀኙ ቀልጠፍ ይላል፣ ግራው ይጎተታል፤
ከሃያ ዓመት በፊት ትራክተር ረግጦታል።

«ኔቬና» አለኝ ራንጌል፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣
ሁለት የከበሮ ዱላ ከኪሱ ብቅ ብቅ።
«ሰርገኛው ‹ለሦስት ሰው አልከፍልም› አለኝ፤
አንቺና የአስፓሩህ ክላርኔት በቂ ናችሁ፤ እኔን ማሽን ተካኝ።
ይሁን። ግን ተኪዬን እስቲ ልተዋወቀው።»
ወንበር ሳብኩለት። ሲንተሳይዘሩን ስከፍት ሰማያዊው መስኮት ፊቱን አደመቀው።

አንዷን ቁልፍ ነካሁ፤ ድምፅ ወጣ ደረቅ፣
ግድግዳ የሌለው፣ ራቁቱን የሚሳቀቅ።
ሪቨርቡን ገፋ ሳደርገው ጣሪያ በቀለለት፤
ክፍል ሆነ፣ አዳራሽ ሆነ፣ ካቴድራል ሆነለት።
ዲሌዩን ስጨምር ገደል ማሚቶ መጣ፤
ድምፁ ራሱን ጠርቶ፣ አቤት ብሎ ራሱ ወጣ።
ኮረሱን ስከፍት አንዱ ድምፅ ብዙ ሆነ፣
ጠርዙ እንደ ቤንዚን እየተነነ።

«ተራው ነው ቁም ነገሩ፤ ካፖርት ላይ ሸሚዝ አይደረብም።
ማሚቶው ከቀደመ እያንዳንዱ ጥሪ አዳራሽ አይጎድልበትም፤
ከተከተለ ግን የሚጮኸው አዳራሹ ነው፤ ጭቃ ነው፣ ቃል አይለይም።»

ራንጌል ሳቀ። «በማሪታ ድልድይ ሥር ከበሮ ብመታ
ሦስት ሆኖ ይመለሳል፤ አንዱ ለእኔ፣ ሁለቱ ለጌታ።»

ከዚያ ሲኮንሰሩ። «ይሄ» አልኩት፣ «ጣት ያስታውሳል፤
የመታኸውን ጽፎ፣ ሳትኖርም ያደርሳል።
ከበሮው በትራክ አሥር፣ ባሱ በሌላው ይተኛል፤
ስትጠራቸው ሁሉም በየሥፍራው ይገኛል።»
ቀዩን መብራት አበራሁ፤
ትንፋሼንም ያዝሁ።

በሁለት ጣቱ መታ፦
አንድ-ሁለት፣ አንድ-ሁለት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት፤
ሙሽራ መሀረብ ይዛ የምትሽከረከርበት፣
መጨረሻው ላይ ጉልበት የሚታጠፍበት።
ሰባት ነው፤ ሰባቱ ግን እኩል አይሄዱም፤
ኋለኞቹ ሦስቱ ለማንም አይቸኩሉም።

ማሽኑ ግን ከፋብሪካ የወጣው በአራት ተጠምቆ ነው፤
ሰባት እንዲያውቅ ያደረግኩት ሦስት ገጽ ምናሌ ገልብጬ ነው።
ኳንታይዝ የምትባል ቁልፍ አለችው፤ የሰልፍ አለቃ፣
የቸኮለን ጎታች፣ የዘገየን ገፊ፣ በጥፊ የምታነቃ።
ተጫንኳት። ምቱ ሁሉ እንደ ወታደር ተሰለፈ፤
ደግመን ሰማነው። ልክ ነበር። አንድም አልተዛነፈ።

ራንጌል ዝም አለ። ከታች የጎማ መፍቻው ጮኸ።
«እግሬ የታለ?» አለኝ።

ያኔ ገባኝ።
ትልቁን ከበሮ የሚረግጠው በዚያው በተጎዳው ነበር፣
ሁልጊዜ ቅንጣት ዘግይቶ፣ ቀረ ሲሉት የሚደርስ እግር።
የከተማው ሙሽራ ሁሉ ጉልበቷን ያጠፈችው
በራንጌል ስብራት ልክ ነው፤ እንዲያ ነው የለመደችው።
አሁን ደግሞ ጣቱ፣ ከእግሩ ተምሮ፣ አነከሰ፤
ማሽኑ ነው ሳይጠየቅ የፈወሰ።

እርማቱን ሰረዝኩ፤ የምቶቹን ዝርዝር አወጣሁ፤
አሥራ አንድ ነጥብ ዘግይቷል፤ ዘጠኝ፤ አሥራ አራት፤ አየሁ።
«እነዚህን አትንኪ» አለ፤ «የቀኝ እጄን ግን አርሚው፤
እሱ የራኪያ ስሕተት ነው። ይሄኛው ሌላ ነው፤ ስሚው።
ደግሞ ትንሽ ድልድይ ጨምሪበት።»
ጨመርኩለት።

ቅዳሜ፣ ቬትረን መንደር፣ እሱ እንግዳ ሆኖ ተቀመጠ፤
ሹካ በእጁ ይዞ ጀርባውን ለእኛ ሰጠ።
ቁልፉን ነካሁ። ሙሽራዋ ጉልበቷን አጠፈች፤
አክስቷ ግን ከማሽኑ ኋላ ዞራ ሰው ፈለገች።
ከጠረጴዛው ሥር ግራ ጫማው ወለሉን ይቆጥራል፤
እሱ ይከተል ማሽኑ፣ መለየት ይቸግራል።

ሌሊት ስንካፈል ሲሦውን ኪሱ ከተትኩ።
«ይሄ ደግሞ ለምን?» አለኝ።
«ለትራክ አሥር» አልኩ።